ሰፊ የሙዚቃ ጣዕም

ሰፊ የሙዚቃ ጣዕም ማለት አንድ ሰው እርስ በርሳቸው እጅግ የሚራራቁ ብዙ የሙዚቃ ዓይነቶችን የመውደድና የማዳመጥ ዝንባሌ ነው። እንዲህ ያለ አድማጭ በአንድ ቀን ውስጥ የባህን ፒያኖ፣ የጃማይካን ሬጌ፣ የማሊን ጊታርና የመሰንቆ ዜማን ሊሰማ ይችላል። በኅብረተሰብ ጥናት (ሶሲዮሎጂ) ይህ ዓይነቱ አድማጭ «ሁሉን በል» ይባላል። ቃሉ ሥጋም ዕፅዋትም ከሚመገቡ እንስሳት ስያሜ የተወሰደ ነው። በአንጻሩ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ሙዚቃ ብቻ የሚሰማው «ነጠላ በል» ይባላል።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የግል ምርጫ ብቻ ይመስላል። ሆኖም ሰው የሚወደው ሙዚቃ ከትምህርቱ፣ ከሥራው፣ ከዕድሜውና ካደገበት ቤት ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። በመሆኑም ተመራማሪዎችን የሚያከራክረው ዋና ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ ሁሉን የሚሰማ ሰው በእርግጥ ለሌሎች ሰዎች ልቡን የከፈተ ነው ወይስ «ሁሉን እሰማለሁ» ማለት ራሱ አዲስ የክብር ምልክት ሆኗል?

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

የጥናቱ መነሻ፦ ጣዕም እንደ መደብ ምልክት

ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ፒየር ቡርድዩ በ1979 «ላ ዲስታንክሲዮን» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ በ1960ዎቹ በፈረንሳይ አገር በተሰበሰቡ መጠይቆች ላይ የተመሠረተ ነው። ቡርድዩ የሰዎችን የሙዚቃ ምርጫ ከሥራቸውና ከትምህርታቸው ጋር ሲያነጻጽር ሦስት ሥራዎችን በምሳሌነት ወሰደ። የመጀመሪያው ባህ ለክላቪዬ የጻፋቸው ፕሪሉዶችና ፉጋዎች ስብስብ ሲሆን፣ የሚመርጡት በይበልጥ ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው ነበሩ። ሁለተኛው የጆርጅ ገርሽዊን «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» ሲሆን በመካከለኛው መደብ ዘንድ የተለመደ ነበር። ሦስተኛው የዮሐን ሽትራውስ «ሰማያዊው ዳኑብ» ሲሆን ብዙ ወዳጆቹ ከዝቅተኛው መደብ ነበሩ።

ቡርድዩ ከዚህ ተነሥቶ «የባህል ካፒታል» የሚለውን ሐሳብ አብራራ። ፒያኖ በሚሰማበት ቤት ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ሳይጨነቅ ያወራል። መምህራን ይህን እንደ ተፈጥሮ ተሰጥኦ ያዩታል፤ ኋላም ቀጣሪዎች እንደ ጨዋነት ይቆጥሩታል። ነገር ግን ልጁ ያገኘው ከወላጆቹ የወረሰውን ነው። በዚህ መንገድ ጣዕም ልክ እንደ ቤትና እንደ መሬት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ሀብት ይሆናል። በዚህ አመለካከት መሠረት የላይኛው መደብ የሚታወቀው የተመረጡ ጥቂት ነገሮችን በመውደድና የቀሩትን በመናቅ ነው።

ከንቀት ወደ ሁሉን በልነት

በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ በሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሪቻርድ ፒተርሰን የቡርድዩን ሐሳብ በአገሩ መረጃ ሲፈትሽ ያልጠበቀው ውጤት አገኘ። በ1992 ባወጣቸው ጥናቶች ከፍተኛ የሥራ ደረጃ ያላቸው አሜሪካውያን ክላሲካል ሙዚቃንና ኦፔራን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ብዙ ዓይነቶችንም እንደሚወዱ አመለከተ። ጥቂት ዓይነት ብቻ የሚመርጡት በይበልጥ ዝቅተኛ የሥራ ደረጃ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። «ሁሉን በል» እና «ነጠላ በል» የሚሉትን ቃላት ለዚህ ጥናት ያዋላቸው እርሱ ነው።

በ1996 ፒተርሰን ከሮጀር ከርን ጋር ሌላ ጥናት አሳተመ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1982 እና በ1992 በአሜሪካ የተካሄዱትን የኪነ ጥበብ ተሳትፎ መጠይቆች አነጻጸሩ። ክላሲካል ሙዚቃና ኦፔራ ወዳዶቹ በአሥሩ ዓመት ውስጥ እንደ ካንትሪ፣ ብሉዝ፣ ጎስፕልና ሮክ ያሉትን ዝቅ ተደርገው ይታዩ የነበሩ ዓይነቶች ይበልጥ መውደድ ጀምረው ነበር። ለለውጡም የሚከተሉትን ምክንያቶች ጠቀሱ፦

- የትምህርት መስፋፋት፣ የሰዎች ከቦታ ቦታ መዘዋወርና የብዙኃን መገናኛ ማደግ የተለያየ ጣዕም ያላቸውን ሰዎች አቀራረበ።
- ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌላውን ዘርና ባህል በግልጽ መናቅ እያሳፈረ መጣ።
- በሥነ ጥበብ ዓለም ውስጥ «አንድ ብቻ ትክክለኛ መለኪያ አለ» የሚለው እምነት ተዳከመ።
- በሮክ ሙዚቃ ያደገው ትውልድ ዕድሜው ሲገፋም የወጣትነቱን ሙዚቃ አልጣለም።
- የላይኛው መደብ የሕዝቡን ባህል ከመናቅ ይልቅ የራሱ አድርጎ መያዝ የተሻለ ሆኖ አገኘው።

ፒተርሰንና ከርን ሁሉን በል ማለት ሁሉን ያለ ልዩነት የሚወድ ማለት እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል። ቃሉ የሚያመለክተው ለሁሉም ዓይነት ክፍት መሆንን ነው።

«ከሄቪ ሜታል በስተቀር ሁሉን»

ሰፊ ጣዕም ያላቸው ሰዎች ስለ ምርጫቸው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ «ከእንዲህ ካለው በስተቀር ሁሉን እሰማለሁ» ብለው ይመልሳሉ። ቤተኒ ብራይሰን በ1996 ባሳተመችው ጥናት የመረመረችው ይህንን «በስተቀር» ነው። ሌሎች ሰዎች የሚወዱትን ሲቆጥሩ እርሷ ሰዎች የሚጠሉትን ቆጠረች። መረጃው በ1993 በአሜሪካ የተሰበሰበ ሲሆን 18 የሙዚቃ ዓይነቶችን ይዟል።

ውጤቱ ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል ትምህርት በጨመረ ቁጥር የሚጠሉ የሙዚቃ ዓይነቶች ቁጥር ይቀንሳል። በሌላ በኩል የተማሩትና ክፍት የሚመስሉት አድማጮች የሚያገልሏቸው ጥቂት ዓይነቶች በዘፈቀደ የተመረጡ አልነበሩም። ራፕ፣ ሄቪ ሜታል፣ ካንትሪና ጎስፕል ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ በወቅቱ አድማጮቻቸው ከሌሎቹ ያነሰ ትምህርት የነበራቸው ዓይነቶች ነበሩ። የንቀቱ ወሰን ጠበበ እንጂ አልጠፋም፤ የቀረውም ባነሰ ትምህርት ላይ ያረፈ ነበር። ብራይሰን በብዙ ባህሎች ውስጥ እንደ ልብ መንቀሳቀስ መቻልን አዲስ የባህል ካፒታል ብላ ቆጠረችው።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ለማንኛውም አድማጭ ይጠቅማል። የአንድን ሰው የጣዕም ስፋት ለማወቅ የሚወደውን መቁጠር አይበቃም፤ የሚተወውን ሙዚቃ የሚሰሙት እነማን እንደሆኑም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጣዕም እንዴት ይሰፋል?

ልማድ። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንክ በ1968 ባሳተመው ጥናት አንድን ነገር ደጋግሞ ማየት ብቻውን ነገሩን እንድንወደው እንደሚያደርግ አሳይቷል። በሙከራው ትርጉም የሌላቸው ቃላትንና ለተሳታፊዎቹ እንግዳ የሆኑ ምልክቶችን ተጠቅሟል። ይህ በሙዚቃም ይሠራል፤ መጀመሪያ ጆሮን የሚያደናግር ዜማ በተደጋጋሚ ሲሰማ አካሄዱ ይለመዳል።

ዕድሜ። ሞሪስ ሆልብሩክና ሮበርት ሺንድለር በ1989 ባወጡት ጥናት ሰዎች በይበልጥ የሚወዱት በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው የተሰሙ ተወዳጅ ዘፈኖችን እንደሆነ አመልክተዋል። ስለዚህ በወጣትነት ዘመን ምን ያህል የተለያየ ሙዚቃ ተሰማ የሚለው ለቀሪው ዕድሜ መሠረት ሊጥል ይችላል።

ጠባይ። ፒተር ሬንትፍሮና ሳሙኤል ጎዝሊንግ በ2003 ባሳተሙት ጥናት «ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን» የሚባለው የጠባይ ዓይነት እንደ ጃዝ፣ ብሉዝ፣ ክላሲካልና ፎክ ያሉትን ከመውደድ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል።

ያደጉበት ባህል። «ይህ ድምፅ ለጆሮ አይመችም» የሚለው ፍርድ ምን ያህል ከተፈጥሮ የመጣ ነው? ጆሽ መክደርሞትና ባልደረቦቹ ይህን ለማወቅ በቦሊቪያ የአማዞን አካባቢ የሚኖሩትን የፂማኔ ሕዝቦች አጠኑ። ውጤቱ በ2016 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ወጣ። የምዕራባውያን ጆሮ «የሚስማሙ» እና «የማይስማሙ» ብሎ የሚለያቸውን የድምፅ ጥምረቶች ፂማኔዎቹ እኩል ደስ የሚሉ አድርገው ፈረጇቸው። ይህም ተፈጥሮ የሚመስለን ነገር በከፊል ልማድ መሆኑን ይጠቁማል፤ ልማድ ከሆነ ደግሞ ሊሰፋ ይችላል።

የጣዕም ስፋት እንዴት ይለካል?

ቀላሉ መንገድ አንድ ሰው የሚሰማቸውን የሙዚቃ ዓይነቶች መቁጠር ነው። ነገር ግን ይህ ሊያሳስት ይችላል። ሁለት አድማጮች እያንዳንዳቸው 100 ዘፈን ሰሙ እንበል። የመጀመሪያው 91 ዘፈን ከአንድ ዓይነት፣ የቀሩትን 9 ደግሞ ከዘጠኝ የተለያዩ ዓይነቶች አንድ አንድ ሰማ። ሁለተኛው ከ4 ዓይነቶች 25 25 ዘፈን ሰማ። በቆጠራ ብቻ የመጀመሪያው በ10 ለ4 ይበልጣል፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው በአንድ ዓይነት ላይ ነው።

ይህን ለማረም ክላውድ ሻነን በ1948 ለመረጃ ሳይንስ ያበረከተው ኢንትሮፒ የተባለው መለኪያ ይጠቅማል። ኢንትሮፒ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመገመት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይለካል። የመጀመሪያው አድማጭ ኢንትሮፒ 0.72 ቢት ያህል ሲሆን የሁለተኛው 2 ቢት ነው። ቁጥሮቹ «እኩል የተደመጡ ዓይነቶች ብዛት» ወደሚለው ሲመለሱ የመጀመሪያው 1.65 ገደማ፣ ሁለተኛው ደግሞ 4 ይሆናል። ስለዚህ በዚህ መለኪያ ሁለተኛው አድማጭ ይበልጥ ሰፊ ነው።

ኢንትሮፒም ቢሆን ጉድለት አለው፤ በዓይነቶቹ መካከል ያለውን ርቀት አያይም። አራት የሮክ ዘርፎችን የሚሰማና ሮክን፣ ኦፔራን፣ ሬጌንና የመሰንቆ ዜማን የሚሰማ ሰው እኩል ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ዘመናዊ ሥርዓቶች እያንዳንዱን ዘፈን በብዙ ቁጥሮች ዝርዝር (በቬክተር) ይወክላሉ። አብረው የሚደመጡ ዘፈኖች በዚህ የቁጥር ቦታ ላይ ይቀራረባሉ፤ አብረው የማይደመጡት ይራራቃሉ። የአንድ ሰው ዘፈኖች ከመካከለኛ ነጥባቸው ምን ያህል እንደተበተኑ ሲለካ የጣዕሙ ስፋት ይታወቃል።

የጥቆማ አልጎሪዝሞች ጣዕምን ያሰፋሉ ወይስ ያጠባሉ?

በኢንተርኔት ሙዚቃ የሚያሰሙ አገልግሎቶች በሚልዮኖች የሚቆጠሩ ዘፈኖችን በአንድ ስልክ ላይ አቅርበዋል። ካሴት መግዛት ገንዘብ በሚጠይቅበት ዘመን ያልታወቀ ሙዚቃ መሞከር ኪሳራ ሊያስከትል ይችል ነበር፤ አሁን አዲስ ዘፈን መሞከር ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሁሉን በል ይሆናል ተብሎ ሊገመት ይችላል።

የጥቆማ አልጎሪዝም አሠራር ግን በሌላ አቅጣጫ ሊገፋ ይችላል። የተለመደው ዘዴ አንድ ሰው የወደዳቸውን ዘፈኖች ከሌሎች ሰዎች ምርጫ ጋር አመሳስሎ ተቀራራቢ የሆነውን ማቅረብ ነው። አድማጩ የቀረበለትን ሲሰማ ሥርዓቱ ግምቱ ትክክል እንደነበረ ይቆጥራል፤ ቀጥሎም ይበልጥ ተመሳሳይ የሆነውን ያቀርባል። ሩቅ የሆነ ዘፈን ሊዘለል ስለሚችል ሥርዓቱ ደፍሮ አያቀርበውም። ከዛዮንክ ጥናት እንደሚታወቀው ደግሞ እንግዳ ነገር የሚለመደው በመደጋገም ነው፤ በመጀመሪያው ሙከራ የተዘለለ ዘፈን ያንን ዕድል አያገኝም።

በ2020 አሽተን አንደርሰንና ባልደረቦቹ የስፖቲፋይ ተጠቃሚዎችን የማዳመጥ መዝገብ መርምረው ባወጡት ጥናት በአልጎሪዝም ጥቆማ የሚደመጠው ሙዚቃ ተጠቃሚዎች በራሳቸው ፈልገው ከሚሰሙት ያነሰ ስብጥር እንዳለው አሳዩ። ጣዕማቸው በጊዜ ሂደት የሰፋ ተጠቃሚዎች ከጥቆማ ይልቅ ወደ ራሳቸው ፍለጋ ያዘነበሉ ነበሩ። ሰፊ ጣዕም ያላቸው ተጠቃሚዎች አገልግሎቱን የመተው ዕድላቸውም ያነሰ ነበር። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን በራሱ አያረጋግጥም። ሆኖም ውጤቱ ጠቃሚ ጥያቄ ያስነሣል፦ ለዛሬው ጠቅታ ብቻ የተስተካከለ ሥርዓት ነገ ሊወደድ የሚችለውን ሙዚቃ ይደብቃል ወይ?

የታወቁ ምሳሌዎች

ጆን ፒል በእንግሊዝ ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ላይ ጣቢያው ከተከፈተበት ከ1967 ጀምሮ በ2004 እስኪሞት ድረስ ሙዚቃ ያቀረበ ጋዜጠኛ ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ፐንክን፣ ሬጌን፣ የዚምባብዌን ጊታርና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን አከታትሎ ያሰማ ነበር። ከ25,000 በላይ ትላልቅ ሸክላዎች የነበሩት ሲሆን በታይፕ በተጻፉ ካርዶች መዝግቦ ይዟቸዋል። የፒል አሠራር ከአልጎሪዝም ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። አድማጩ የሚወደውን ዘፈን ሲጠብቅ ያልጠበቀውንም ይሰማል፤ ያቀረበለትም ስሙንና ድምፁን የሚያውቀው ሰው ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 በጅማ ተወለደ። ምሕንድስና ሊያጠና ወደ ዌልስ ሄዶ ወደ ሙዚቃ ዞረ፤ በለንደንና በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ። ባለ አምስት ድምፅ የሆኑትን የኢትዮጵያ ቅኝቶች ከጃዝ ስምምነትና ከላቲን አሜሪካ ምት ጋር በማዋሐድ ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ሙዚቃውን ለብዙ የውጭ አድማጮች አስተዋወቀ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላም መነኮሱ። የፒያኖ ሥራዎቻቸው የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃና የኢትዮጵያን ቅኝት በአንድ ጊዜ ያሰማሉ። በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሸክላ ተከታታይ 21ኛ ክፍል ሆነው ከታተሙ በኋላ በዓለም ዙሪያ አድማጭ አገኙ። በ2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ከሁለቱ ኢትዮጵያውያን ሕይወት እንደሚታየው ሰፊ ጣዕም የራስን መተው ማለት አይደለም። ሁለቱም ከሩቅ አገር የተማሩትን ይዘው የተመለሱት ወደ ቅኝቶቻቸው ነው።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ራሱ የብዙ ጣዕሞች ውጤት ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባለው ይህ የነሐስ መሣሪያ ባንድ በኬቮርክ ናልባንድያን ይመራ ነበር። ከዚያ በኋላ በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ባንዶች ውስጥ ሳክስፎንና ትራምፔት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ጋር ተዋሐዱ። አምኃ እሸቴ በ1969 በግሉ የሸክላ ማሳተሚያ አቋቁሞ የዘመኑን ድምፃውያን ሥራዎች አወጣ።

በዚያው ልክ ብራይሰን ያነሣችው ጥያቄ ለኢትዮጵያም ይሠራል። አዝማሪ ለብዙ ዘመን በሠርግና በግብዣ ሲፈለግ ኖሯል፤ በመሰንቆው ሰው ይዝናናል፣ በግጥሙም ይደነቃል። ሆኖም «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ያገለግል ነበር፤ ልጅን ለአዝማሪ መዳርም እንደ ውርደት ይታይ ነበር። ዜማው እየተወደደ ዜመኛው ሊናቅ መቻሉ ለጆሮ ስፋትና ለልብ ስፋት አንድ አለመሆን ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች ግልጹ ነው።

ትችቶች

የሁሉን በልነት ጽንሰ ሐሳብ ከተለያየ አቅጣጫ ተተችቷል። የመጀመሪያው ትችት የምደባ ነው፤ በመጠይቅ ላይ «ጃዝ» ወይም «ሮክ» የሚለው አንድ ቃል በውስጡ እጅግ የተለያዩ ሥራዎችን ይይዛል። በ1987 በለንደን የተሰበሰቡ የሸክላ ኩባንያዎች ለገበያ እንዲመች የተስማሙበት «የዓለም ሙዚቃ» የሚለው ስያሜ ደግሞ የብዙ አገሮችን ሙዚቃ በአንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚያስቀምጥ ይነቀፋል።

ሁለተኛው ትችት የጥልቀት ነው። ከሁሉም ጥቂት የሚሰማ ሰው አንዱንም በሚገባ ላያውቅ ይችላል። በተቃራኒው ዕድሜ ልኩን አንድ የበገና ስልት የሚሰማ ሰው «ነጠላ በል» ቢባልም፣ ሌላው የማይሰማውን ልዩነት ለይቶ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስያሜው ስለ ብዛት እንጂ ስለ ጆሮ ብስለት አይናገርም።

ሦስተኛው ፈረንሳዊው በርናርድ ላየር በ2004 ያቀረበው ነው። እርሱ እንደሚለው በየትኛውም መደብ ያለ አብዛኛው ሰው «ከፍ ያለ» እና «ዝቅ ያለ» የሚባሉትን ምርጫዎች ቀላቅሎ ይይዛል። እንደዚህ ከሆነ ቅይጥ ጣዕም የጥቂት የተማሩ ሰዎች መለያ ሳይሆን የተለመደ የሰው ጠባይ ነው።

ደግሞ ይዩ

- ኢትዮ ጃዝ
- ቅኝት
- አዝማሪ
- ፒየር ቡርድዩ
- ኢንትሮፒ